ዝምተኛው ፈተና

ከሮቤ ወደ ጎባ የሚወስደው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ግራና ቀኙን የስንዴና የገብስ ማሳ ይዞ፣ ፊት ለፊት ጉም የለበሱትን ተራሮች እያሳየ የሚዘልቀው ይህ አጭር መንገድ ስለ ቋንቋ ለሚያስብ ሰው ግን ረጅም ነው። በአንዲት አነስተኛ አውቶቡስ ውስጥ ረዳቱ ሒሳብ የሚሰበስበው በኦሮምኛ ነው፤ መልስ የጎደለበት ተሳፋሪ የሚሟገተው በአማርኛ ነው፤ ከኋላ ወንበር ላይ መቁጠሪያ ይዘው ከንፈራቸውን የሚያንቀሳቅሱት ሽማግሌ የሚደግሙት ዐረብኛ ነው፤ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው ተማሪ ጉልበቷ ላይ የዘረጋችው ደብተር የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እነዚህ አራት ሰዎች «ይህን ቋንቋ ታውቃላችሁን?» ተብለው ቢጠየቁ የሚሰጡት መልስ አንድ አይሆንም። ረዳቱ በጥያቄው ይሥቃል። ተሟጋቹ ጥያቄውን እንደ ስድብ ሊቆጥረው ይችላል። ሽማግሌው «ዐዋቂ አላህ ነው» ብለው ወደ ዚክራቸው ይመለሳሉ። ተማሪዋ ግን የምትመልሰው በቁጥር ነው፤ ባለፈው ፈተና ከመቶ ያገኘችውን ትናገራለች።

ቋንቋን ማወቅ ምን ማለት ነው? ማወቁንስ ማን ይመስክር? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ ይመስላል፤ ሰው ሁሉ የእናቱን ቋንቋ ያለ ምስክር ወረቀት ያውቃልና። ክብደት የሚያገኘው ሰው የሌላውን ቋንቋ ሲማር ነው። ያን ጊዜ ዕውቀቱ ምስክር ይሻል፤ በዘመናችንም ምስክሩ ፈተና ሆኗል። ይህን ነገር ለመመርመር ከባሌ ደጋ እጅግ የራቀ የሚመስል አንድ ፈተና ማንሳት ይጠቅማል፤ ይኸውም የውጭ አገር ሰዎች የጃፓንኛ ችሎታቸውን የሚያስመዝኑበት ፈተና ነው። ጃፓንኛ በሮቤ ገበያ አይሸጥበትም፤ በጎባ ፍርድ ቤት አይከሰስበትም፤ በመስጊድም ሆነ በቤተ ክርስቲያን አይጸለይበትም። ስለዚህ በዚያ ደጋ ላይ ጃፓንኛ የሚማር ሰው ቢኖር ከፈተናው በቀር ሌላ ምስክር አያገኝም። ርቀቱ ራሱ ጥያቄውን ያጠራዋል።

ፈተናው የተጀመረው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። የሚያዘጋጁት የጃፓን ፋውንዴሽንና የጃፓን የትምህርት ልውውጥን የሚመራው ድርጅት ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት የተቀመጡት ተፈታኞች 7,000 ያህል ነበሩ፤ በቅርብ ዓመታት ግን በየዓመቱ የሚመዘገበው ሰው ከ1 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። በምሥራቅ አፍሪካ ፈተናው ከሚሰጥባቸው ከተሞች አንዷ ናይሮቢ ናት። እስከ 2009 እ.ኤ.አ. አራት ደረጃዎች ነበሩት፤ ከ2010 ጀምሮ አምስት ሆነዋል፤ ዝቅተኛው ኤን-5፣ ከፍተኛው ኤን-1 ይባላል። የሚመዘኑት ነገሮች የቃላትና የሰዋስው ዕውቀት፣ ንባብና ማዳመጥ ናቸው። የመጨረሻውን ደረጃ ለማለፍ ከ180 ነጥብ 100 ማግኘት ያስፈልጋል፤ ከሦስቱ ክፍሎችም በእያንዳንዱ ከ60 ቢያንስ 19 ማምጣት ግድ ነው፤ በአንዱ ጎበዝ ሆኖ በሌላው መስነፍ አያሳልፍም። በማዳመጫው ክፍል የተቀዳው ድምፅ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያመለጠው አመለጠ።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ጥያቄው ሁሉ ከተሰጡት መልሶች አንዱን መምረጥ ነው፤ ተፈታኙ በእርሳስ ክብ ያጠቁራል። ከመጀመሪያው ደረጃ እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም ቃል እንዲናገር አይጠየቅም፤ አንድም ዐረፍተ ነገር እንዲጽፍ አይታዘዝም። ዝም ብሎ ገብቶ ዝም ብሎ ይወጣል። ወረቀቱ ሲመጣም «ይህ ሰው ጃፓንኛ ይችላል» ይላል።

አሁን አንድ የሮቤ ወጣት ይታሰብ። የእናቱ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን ከሰፈርና ከትምህርት ቤት ቀስሟል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን የተከታተለው በእንግሊዝኛ ነው። ጃፓንኛ የሚያስተምረው ሰው በአጠገቡ የለም። ያለው አንድ የእጅ ስልክና ቤተሰቡ ሲተኛ የሚያገኘው ጸጥታ ነው። የሮቤ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ጋቢ ሳይደርቡ ማጥናት አይቻልም።

የሚገርመው፣ ይህ ወጣት መጀመሪያ ላይ ከብዙ አውሮፓዊ ተማሪ ይልቅ ይቀናዋል። ጃፓንኛ ሁለት ዓይነት የድምፅ ፊደል አለው፤ እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ሆሄያት አሏቸው፤ አብዛኞቹም እንደ ግዕዝ ፊደል ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር በአንድ ምልክት የሚይዙ ናቸው። «ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ» ብሎ መቁጠር ፊደል ለቆጠረ ሰው ባዕድ አይደለም። ግሡም እንደ ኦሮምኛውና እንደ አማርኛው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይመጣል። እንዲያውም አንድ ልዩ ነገር አለ። «ትናንት የመጣው ሰው» የሚለውን ጃፓኖች «ኪኖ ኪታ ሂቶ» ሲሉ ሦስቱ ቃላት በአማርኛው ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ፤ በኦሮምኛ ግን ሰውየው ይቀድምና ትናንት መምጣቱ ይከተላል። ስለዚህ ወጣቱ እዚህ ላይ ድልድይ የሚሆነው ከሁለተኛ ቋንቋው ነው። ከዚያ በኋላ ከቻይና የተወረሱት ቅርጾች ይመጣሉ፤ የጃፓን መንግሥት በ2010 እ.ኤ.አ. ለዕለታዊ አገልግሎት የደነገጋቸው 2,136 ናቸው፤ ብዙዎቹም አንድም እንደ ቻይንኛው፣ አንድም እንደ አገሬው ይነበባሉ። እዚህ ደረት የሚያስነፋ ቅርበት የለም፤ ያለው ልፋት ብቻ ነው።

ወደ አክብሮቱ ሲደርስ ወጣቱ እንደገና ከአገሩ የገባ ይመስለዋል። አንተን ከእርስዎ መለየት ማንም አያስተምረውም፤ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ጃፓንኛ ግን አልፎ ይሄዳል። ስለ ተራ መብላት «ታቤሩ» ይባላል፤ የሚከበር ሰው ሲበላ «ሜሺአጋሩ» ይሆናል፤ ተናጋሪው ስለ ራሱ በትሕትና ሲያወራ ደግሞ «ኢታዳኩ» ይላል። አማርኛ ሌላውን ከፍ ማድረግ ያውቅበታል፤ ራስን ዝቅ የሚያደርጉ ግሦችን ግን እንደ ጃፓንኛ በሥርዐት አላበጀም። ፈተናው ይህን ይጠይቃል፤ ለእንግዳ የሚስማማው ግሥ የትኛው እንደሆነ ከተሰጡት መልሶች ማጥቆር ነው። የፈተናው እንግዳ ነገር የሚገለጠውም እዚህ ነው። አንድ ሰው አንድም ጃፓናዊ ሽማግሌ አክብሮ ሳያነጋግር፣ ለማንም ዝቅ ብሎ ሳያውቅ፣ በአክብሮት ጥያቄዎች ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። አክብሮትን ያውቃል፤ አክብሮ ግን አያውቅም። ይህ ዕውቀት ነውን?

ነው እንዳይባል ሌላ ምስክር ይቆማል። በ1924 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ጃፓንኛ አያውቁም ነበር፤ የአገሩ ሰው የነገራቸው ሁሉ በሌላ ሰው አንደበት አልፎ ነው የደረሳቸው። ለዛሬው ፈተና ቢቀርቡ ከዝቅተኛው ደረጃ ባላለፉ ነበር። ይሁንና መጽሐፋቸው በ1934 እ.ኤ.አ. ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሞ ታተመ። እንግዲህ ቋንቋውን የማያውቁት እንግዳ ለጃፓኖች በገዛ ቋንቋቸው ተናገሩ፤ ቋንቋውን አጥንቶ ያለፈው ወጣት ግን ምናልባት ለአንድም ጃፓናዊ አንድ ቃል ሳይናገር ይኖራል። አንደኛው ያለ ዕውቀት ድምፅ አገኘ፤ ሁለተኛው ያለ ድምፅ ዕውቀት አገኘ።

በባሌ ደጋ የባዕድ ቋንቋ መማር ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ወጥቶ፣ ዳዊት ይደግማል፤ የሚደግመው ግን የማንም እናት ልጇን የማትጠራበትን ግዕዝን ነው። የቁርኣን ተማሪም ከሎሑ ላይ ዐረብኛውን እያነበነበ ያድጋል። ሁለቱም ዘንድ የመጀመሪያው ፈተና የአፍ ፈተና ነው። ልጁ በመምህሩ ፊት ይቆማል፤ ይላል፤ መምህሩ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ አንዲት ድምፅ ብትሳሳት፣ ረግቶ የሚነበበው ቢላላ፣ ወይም አንዲት ፊደል ከጉሮሮ መውጣት ሲገባት ከከንፈር ብትወጣ ወዲያው ይመልሱታል። ትርጓሜው ቆይቶ ይመጣል፤ ለአንዳንዱም ከነአካቴው ሳይመጣ ይቀራል። ዘመናዊው ትምህርት በዚህ ብዙ ተሳልቋል፤ የማያውቁትን እንደ በቀቀን መድገም ብሎታል። ስላቁ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ስላቁን የተናገረው ትምህርት ራሱ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ ትርጉሙን የሚያውቅና አፉ የማይከፈት ሰው አፈራ። የቁርኣን ተማሪውና የጃፓንኛው ተፈታኝ ቢገናኙ በመካከላቸው አንድ ሙሉ ተናጋሪ ይወጣቸው ነበር።

ከዚህ የሚነሣ ሰው በቶሎ «እንግዲያውስ የቋንቋ ፈተና አፍን ይፈትን!» ሊል ይችላል። መቸኮል ግን አይገባም። አፍን የፈተነ ፈተና በታሪክ ውስጥ ምን እንዳደረገ መታወስ አለበት።

ከሁሉ የታወቀው በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ተጽፏል። በዮፍታሔ ዘመን የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ያዙ፤ ሊሻገር የመጣውን ሁሉ «ሺቦሌት በል» ይሉት ነበር። ኤፍሬማዊው «ሺ» ማለት አይሆንለትምና «ሲቦሌት» ሲል ያዙት፤ አረዱትም። በዚያ የወደቁት 42,000 እንደነበሩ መጽሐፉ ይመዘግባል። ጃፓን ራሷም ከዚህ ነጻ አይደለችም። በመስከረም 1923 እ.ኤ.አ. ቶክዮንና ዮኮሃማን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ ኮርያውያን የውሃ ጉድጓድ መርዘዋል የሚል ወሬ ተነዛ። በየመንገዱ የቆሙ የታጠቁ ሰዎች አላፊ አግዳሚውን እያስቆሙ «15 የን ከ50 ሴን በል» ይሉ ነበር፤ በጃፓንኛ «ጁጎ ኤን ጎጂ ሴን» ማለት ነው። የቃሉን መነሻ ድምፅ ማጠንከር ለኮርያዊ አፍ አስቸጋሪ ነውና ምላሱ የተያዘበት ሰው ሕይወቱን አጣ። በሺህ የሚቆጠሩ ኮርያውያን ተገደሉ፤ ቻይናውያንም አብረው ሞቱ፤ አነጋገራቸው ለቶክዮ ጆሮ ስላልጣመ ብቻ የተጠረጠሩ የሌላ አውራጃ ጃፓናውያን ሳይቀሩ ወደቁ።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ዝምተኛው ፈተና ሌላ መልክ ይይዛል። ተፈታኙን «ከየት መጣህ?» አይለውም። አንደበቱ የባሌ ይሁን የሃኖይ አይሰማም። የሮቤው ወጣት አንድም ጃፓናዊ ጎረቤት ሳይኖረው፣ ድምፁን የሚያርምለት ሰው ሳያገኝ፣ በገንዘብ ብዛት መምህር ከቀጠረው የትልቅ ከተማ ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን ይቀመጣል። ንግግር የተተወው ለዚህ ሲባል ነው ማለት አይደለም፤ በአንድ ቀን በብዙ አገር ለሚቀመጥ ሕዝብ አንደበትን አንድ በአንድ መመዘን አዳጋች መሆኑ ማንም የሚረዳው ነው። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ውጤቱ ግን ለባዕዱ አንድ ምሕረት አለው። ለድምፁ አይቀጣም።

ይህ ምሕረት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በሮቤ ገበያ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ኦሮምኛ ውስጥ አማርኛ የሌለው አንድ ድምፅ አለ፤ በግዕዝ ፊደል ኦሮምኛ ለመጻፍ «ዸ» የተበጀለት፣ በዛሬው ቁቤ ደግሞ በሁለት የላቲን ሆሄያት የሚጻፍ፣ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፋ አየሩን ወደ ውስጥ እየሳበች የምታወጣው ድምፅ ነው። እውነት «ዹጋ» ነው። አማርኛ ተናጋሪው ሠላሳ ዓመት ባሌ ኖሮ እንኳ «ዱጋ» ይል ይሆናል፤ እውነትን በተናገረ ቁጥር ባዕድነቱ ይገለጣል። ጃፓናዊም አማርኛ ቢማር «ጠራ»ን «ተራ» ማለቱ አይቀርም፤ ከጉሮሮ የሚፈነዱት «ጠ»ና «ቀ» በቋንቋው የሉምና። ሁሉም ሰው በሆነ መሻገሪያ ላይ «ሲቦሌት» የሚል ነው። ነገር ግን ጤፍ ወይም ምስር የምትሸጠው የሮቤ ሴት «ዱጋ» ያላትን ሰው ትሥቅበት እንደሆነ እንጂ አትመልሰውም፤ ታርመዋለች፤ ትሸጥለታለች። በማግሥቱም ይመጣል። ገበያም ይፈትናል፤ ገበያ የሚጥለው ግን ዝም ያለውን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ለባሌ ተማሪ የጃፓን ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአገሩ ልጆች በባዕድ ቋንቋ መፈተንን ከማንም በላይ ያውቃሉ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል፤ በዚያ ዘመቻ አዋቂ ሰው የሚመዘነው አንብቦና ጽፎ ነበር፤ እጁ ራሱ ይመሰክርለት ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የባሌ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በእናቱ ቋንቋ በቁቤ ይማራል። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ግን ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሆናል፤ በመጨረሻም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይጠብቀዋል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ይህ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ተሰጠ፤ ሮቤ ያለው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም ተፈታኞችን ተቀበለ። በአገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተኑት ከ896,000 በላይ ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። የዚህ ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል፤ የመምህር፣ የመጽሐፍ፣ የጦርነትና የወረርሽኝ ድርሻ አለበት። ቢሆንም ከእንግሊዝኛው ጥያቄ ሌላ ፊዚክሱም ጂኦግራፊውም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነውና፣ በሳነቲ ሜዳ ሌሊት ውሃ ሲረጋ እያየ ያደገ ልጅ ስለ በረዶ የሚያውቀውን ሳይሆን ስለ በረዶ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ይጠየቃል። እርሱም ክብ ያጠቁራል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ በመጨረሻዋ ቀን የሚናገረው ቃል የለም።

የጃፓንኛው ተፈታኝ በፈቃዱ የገባበት ዝምታ ለዚህ ልጅ ግዴታው ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ወደ ሌላው ቋንቋ በፍቅር የሄደ ሰው ዝም ቢል እንደሚያዳምጥ ይቆጠራል፤ ወደ ሌላው ቋንቋ የተነዳ ሰው ዝም ቢል ግን እንደማያውቅ ይቆጠራል። አንዱ ምስክር ወረቀት ለአንዱ ጌጥ፣ ለሌላው የዕንጀራ ጉዳይ ይሆናል። ጃፓንኛውም ቢሆን ሁልጊዜ ጌጥ አይደለም፤ ጃፓን ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተወሰኑ የሥራ ዘርፎች በከፈተችው የመግቢያ ፈቃድ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ኤን-4 ወይም አቻው ነው። በዚህ በር የሚገባ የውጭ አገር ሠራተኛ በእርሻም በአረጋውያን እንክብካቤም ሥራ ይሰማራል። አረጋዊት እናት ሌሊት ሲያማቸው አጠገባቸው የሚገኘው ይህ ሠራተኛ ነው። እርሳቸው ይጣራሉ፤ እርሱ የተጣሩትን ይሰማል፤ ይህን ፈተናው አረጋግጦለታል። የሚመልስላቸው ቃል ግን በማንም አልተመዘነም።

ታዲያ ለሌላው ቋንቋ ምን ይከፈላል? በዚህ ረገድ ባሌ የራሷ ምሳሌ አላት። ከደጋው ወርዶ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ድሬ ሼክ ሁሴን አለ፤ ምእመናን ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዘው ከሩቅ አገር እየተጓዙ የሚዘይሩት ስፍራ ነው። ስለ ሼኩ በኦሮምኛ የሚዜሙት ውዳሴዎች ቃላቸው ግማሽ የተገለጠ፣ ግማሽ የተሰወረ ነው፤ የአንድ ተአምር ስም ብቻ ተጠርቶ ታሪኩ ይታለፋል፤ የዐረብኛ ቃል ገብቶ ይወጣል፤ ሰሚው ታሪኩን የሚያውቅ ካልሆነ ምንም አይዘውም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ የኩሽ ቋንቋዎችን ያስተማሩት ትውልደ ፖላንዳዊው ሊቅ አንድሬዬቭስኪ ስለ እነዚሁ ውዳሴዎች ስውር አነጋገር በ1972 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትመዋል። ፖላንድኛ ይዘው የተወለዱት እኒህ ሰው ሶማልኛንና ኦሮምኛን የተማሩት የፈተና ወረቀት ሊይዙ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ለኦሮምኛ ባዕዳን የሚመዘኑበት ደረጃ ማን አውጥቶ? ፈታኞቻቸው ቃሉን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ስውሩ ቃል የሚፈታው «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ አፍ ከፍቶ በመጠየቅ፣ ተሳስቶ በመታረም፣ ከታረሙም በኋላ እንደገና በመጠየቅ ብቻ ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ አማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አራት መልስ ቀርቦ «ወርቁ የትኛው ነው?» የተባለ ቅኔ ከቅኔነቱ ወጥቷል።

ዝምተኛው ፈተና ከሺቦሌቱ ፈተና ይሻላል፤ በዚህ ጥርጥር የለም። የዮርዳኖስን መሻገሪያ ከያዘ ሰው ይልቅ እርሳስና ወረቀት የሚያቀርብ ሰው የተሻለ በረኛ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ የሚለው ነገር መጠኑ ይታወቅ። «ይህ ሰው ሲነገረው ይሰማል» ይላል፤ ከዚያ አልፎ አይልም። የቀረውን የሚሞሉት ሌሎች ናቸው፤ ማለትም ያንን ሰው አነጋግረው፣ ሲንተባተብ ጠብቀው፣ ሲሳሳት እንደ ገበያዋ ሴት አርመው የሚቀበሉት የቋንቋው ባለቤቶች። ዕዳው በተማሪው ላይ ብቻ ሲጫን ይታያል፤ ሰው የባዕዱን ቋንቋ እንዲማር ይመከራል፣ ይገሠጻል፣ ይፈተናል። ቋንቋው የተወለደበት ሕዝብ ለተማረው ባዕድ ጆሮ መስጠት እንዳለበት የሚፈትን ግን አልተገኘም። ሠላሳ ዓመት ባሌ የኖረው አማርኛ ተናጋሪ «ዱጋ» ሲል የሚያዳምጡት አሉ፤ የባሌ ገበሬ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ በተሰባበረ አማርኛ ጉዳዩን ሲያስረዳ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ምን ያህል ጆሮ እንዳገኘ የቀድሞውም የአሁኑም ዘመን ይመስክር።

የሮቤው ወጣት ፈተናው ወደሚሰጥበት ከተማ ሄዶ ተቀምጧል እንበል። ማዳመጫው አንዴ ተሰምቶ አልፏል፤ ክቦቹ ጠቁረዋል፤ ከወራት በኋላም ማለፉን የሚገልጸው ወረቀት ደርሶታል። ወረቀቱን አዲስ አበባ ላይ ተቀብሎ ወደ አገሩ ሲመለስ አውቶቡሱ ዲንሾ አጠገብ ያዘግማል፤ በመንገዱ ዳር የደጋ አጋዘኖች ቆመው ያያሉ፤ ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። አጠገቡ የተቀመጡት ገበሬ ወረቀቱን ከእጁ ላይ አይተው ምንነቱን ይጠይቁታል፤ ይነግራቸዋል። ወረቀቱን ገልብጠው ያዩትና ይመልሱለታል።

«እሰይ፣ ልጄ!» ይሉታል፤ «እስቲ አንድ ነገር በልበት።»

ወጣቱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። በዚያ ቋንቋ ተናገር ያለው ሰው እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልነበረም።